መስመሩ የእርስዎ፣ ድርጊቱ የሌላ ሰው፦ የቶር በጎ ፈቃደኞች፣ ፖሊስና የእኛ ሕግ

ደብረ ብርሃንም ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ የኢንተርኔት ወሬ ሲነሳ ቪፒኤን (ግንኙነትን በሌላ ኮምፒዩተር በኩል አዙሮ የሚያሳልፍ መተግበሪያ)፣ ቶርና "ዳርክ ዌብ" (በተራ ብሮውዘር የማይከፈተው የኢንተርኔት ክፍል) የሚባለው አንድ ላይ ይቦካሉ። አንዱ "ቪፒኤን የጫነ ይታሰራል" ይላል። ሌላው ውጭ አገር ያለ ዘመዱ "ይህን ጭነህ ክፍት አድርገህ እደር፣ ሰው ትረዳበታለህ" ብሎ መተግበሪያ ልኮለታል። ሦስተኛው "ኢንተርኔትህን አካፍል፣ ዶላር ሰብስብ" የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አይቶ ጭኖ ተቀምጧል። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል። ግን አይደለም። በሕግ ፊት ያለባቸውም አደጋ እጅግ የተለያየ ነው።

ወሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ነበር። ያኔ ቪፒኤን ያልጫነ ወጣት ማግኘት ይከብድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ሰሜን ሸዋም ከዚሁ ውስጥ ነበር። ገደብና መቋረጥ ግን ይለያያሉ። አንድ ድረ ገጽ ሲገደብ ቪፒኤን ወይም ቶር ዙሪያውን ሊያሳልፍ ይችላል። መስመሩ ጭራሽ ከተቆረጠ ማንኛውም መተግበሪያ ምንም አያደርግም። "ቶር ካለህ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል" የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ተጠቃሚውን ሳይሆን ሌላኛውን ወገን ነው። መስመሩን ለሌሎች ማለፊያ ያደረገ ሰው ፖሊስ ቢመጣበት ምን ይገጥመዋል?

ቶር እንዴት ይሠራል?

ቶር የተጠቃሚን ማንነት የሚሰውር የኢንተርኔት መረብ ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላብራቶሪ ነው። (የውጭ አገር ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መረቡ በ2002 ሥራ ጀመረ። ከ2006 ወዲህ የሚያስተዳድረው ቶር ፕሮጀክት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። መረቡ የቆመው ግን በበጎ ፈቃደኞች ነው። እነሱ የሚያንቀሳቅሱት አሸጋጋሪ ኮምፒዩተር ሪሌይ ይባላል።

ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደብዳቤ ላኩ እንበል። ደብዳቤው በሦስት ፖስታ ተደራርቦ ታሽጓል። የመጀመሪያው ሹፌር ከእጅዎ ተቀብሎ ጣርማ በር ላይ ለሁለተኛው ይሰጠዋል። ሁለተኛው ደብረ ብርሃን ላይ ለሦስተኛው ያስረክባል። ሦስተኛው አዲስ አበባ ገብቶ በር ያንኳኳል። የመጀመሪያው እርስዎን ያውቃል፣ ተቀባዩን አያውቅም። ሦስተኛው ተቀባዩን ያውቃል፣ ላኪውን አያውቅም። የመሐሉ ሁለቱንም አያውቅም። ደብዳቤው ዛቻ ሆኖ ቢገኝ ግን ተቀባዩ ያየው ፊት የሦስተኛውን ሹፌር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሹፌር በቶር ቋንቋ መውጫ ሪሌይ ይባላል። የሕግ ጣጣው ከሞላ ጎደል የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። መግቢያና መካከለኛ ሪሌዮች የተመሰጠረ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያነበው የተቆለፈ፣ ነገር ተቀብለው የተመሰጠረ ነገር ያስተላልፋሉ፤ አድራሻቸው መጨረሻው ድረ ገጽ ላይ አይታይም። ድልድይ የሚባል ዓይነትም አለ። ቶር በተገደበበት አገር ያለ ሰው ወደ መረቡ የሚገባበት ስውር መግቢያ ነው። ኢትዮጵያ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቶር ግንኙነት በይዘት ምርመራ ቴክኖሎጂ ተለይቶ ሲታገድ የቶርን ግንኙነት ሌላ ነገር የሚያስመስሉ ድልድዮች ሰዎችን አሳልፈዋል። ቀለል ያለው ደግሞ ስኖውፍሌክ ነው። በብሮውዘር ወይም ኦርቦት በተባለው የስልክ መተግበሪያ የሚከፈት ሆኖ፣ የተገደበን ሰው እስከ ድልድዩ ብቻ ያደርሳል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከድልድዮች በስተቀር የሪሌዮች አድራሻ ዝርዝር ይፋ ነው። ማንም ሰው፣ ፖሊስም ጭምር፣ ማየት ይችላል። ሪሌይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ተደብቆ የሚሠራ ሰው አይደለም።

ፖሊስ በር ድረስ የሚመጣበት መንገድ

ምርመራው የሚጀምረው ከአንዲት መስመር ጽሑፍ ነው። አንድ ሰው በቶር በኩል አልፎ አንድ ድረ ገጽ ላይ ዛቻ ጻፈ እንበል። የድረ ገጹ ኮምፒዩተር ሦስት ነገር መዝግቧል፦ ቀን፣ ሰዓትና አይፒ አድራሻ። አይፒ አድራሻ ማለት አንድ የኢንተርኔት መስመር በመረቡ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። መርማሪው ይህን ይዞ ለቴሌኮም ኦፕሬተሩ ይጽፋል፦ "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህ አድራሻ የማን ነበር?" ኦፕሬተሩ የደንበኛውን ስም ይመልሳል። ከዚያ የፍተሻ ትዕዛዝ ይወጣል፣ በር ይንኳኳል።

ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ለእኛ አገር ልዩ ጣጣ ያለበት ቀለበት አለ፤ እሱም ሰዓቱ ነው። የድረ ገጽ መዝገቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የዓለም አቀፉን መደበኛ ሰዓት ነው። የእኛ ከዚያ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። መዝገቡ "ማክሰኞ 21:40" ቢል፣ እዚህ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ችኮላ ያለበት መርማሪ ግን "ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ከ40" ብሎ ሊጽፈው ይችላል። በዚህ ላይ ቀኑ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀየራል። ሦስት ሰዓት ተሳስቶ የተጠየቀ ኦፕሬተር የሚመልሰው የሌላ ደንበኛ ስም ነው። ሞባይል ላይ ደግሞ ይብሳል። በሞባይል መረብ ላይ ብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ አንድን ይፋዊ አይፒ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ። እነሱን ለመለየት የደቂቃውና የሰከንዱ ትክክለኛነት፣ ከዚያም በላይ የግንኙነቱ ፖርት ቁጥር (በአንድ አድራሻ ላይ ያሉ ግንኙነቶችን የሚለየው ቁጥር) ያስፈልጋል። ብዙ ድረ ገጾች ፖርት አይመዘግቡም።

ስለዚህ አይፒ አድራሻ የሚነግረው የማን ስም ውል ላይ እንደሰፈረ ነው። ቁልፉን የነካው ማን እንደሆነ አይነግርም። ይህ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ለካፌው ዋይፋይ፣ ለግቢ ተከራዮች በሙሉ ይሠራል። ለመውጫ ሪሌይ ደግሞ በእጥፍ ይሠራል፤ ምክንያቱም በዚያ መስመር የሚያልፉት የማይታወቁ፣ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ሰዎች ናቸው።

ፍተሻው ራሱ ቅጣት ነው። ኮምፒዩተር፣ ስልክ፣ ፍላሽ፣ ራውተር ይወሰዳል። አንድ የጽሕፈትና ኮፒ አገልግሎት የሚሰጥ ሱቅ ሁለት ኮምፒዩተሩ ቢያዝበት የደንበኞች የመታወቂያ ስካን፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልተጠናቀቀ የጨረታ ሰነድ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ ላይ ምንም ባይገኝ እንኳን ምንም አለመገኘቱን ለማረጋገጥ የሚፈጀው ጊዜ ሱቁን ሊያዘጋ ይችላል።

ሌላው አገር ምን ደረሰ?

በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ በ2012 ፖሊስ የአንድ ወጣት ቤት ገብቶ ዕቃውን ወሰደ። መውጫ ሪሌዮች ነበሩት፤ በአንዱ በኩል የሕፃናት ጥቃት ምስል አልፏል ተባለ። በ2014 በወንጀል ተባባሪነት ጥፋተኛ ተብሎ የገደብ እስራት ተፈረደበት። የአገሪቱ ሕግ ተራ አስተላላፊን የሚከላከል ድንጋጌ ነበረው። አቃቤ ሕግ ያሸነፈው ግን ሰውየው ራሱ በቻት ላይ በጻፋቸው ቃላት ነው፤ አገልግሎቱ ለሕገ ወጥ ነገር ሊውል እንደሚችል በቸልታ ሲያወራ ተገኝቷል። ቴክኖሎጂው ሳይሆን አፉ ነው ያስፈረደበት ማለት ይቻላል።

ሩሲያ ውስጥ በሚያዝያ 2017 አንድ የሒሳብ መምህር ታሰረ። የአመፅ ጥሪ የተለጠፈው በእሱ መውጫ ሪሌይ አድራሻ ነበር። ከወራት እስር በኋላ ወደ ቤት ውስጥ እስር ተዛወረ። በግንቦት 2018 ክሱ ተነሳለት። ሙሉ በሙሉ ነጻ ወጣ፣ ግን አንድ ዓመት ከሕይወቱ ሄደ።

ጀርመን ሁለት ነገር ታሳያለች። በ2018 ፖሊስ የቶር ደጋፊ የሆነ ማኅበር አባላትን ቤት ፈተሸ። ማኅበሩ ተጠርጣሪ እንኳን አልነበረም፣ ምስክር ነበር። ፍርድ ቤት በኋላ ፍተሻው ሕገ ወጥ ነበር አለ። ያም ሆኖ በነሐሴ 2024 መውጫ ሪሌይ የሚያንቀሳቅስ ሌላ ማኅበር የተመዘገበበት አድራሻ ተፈተሸ። ለዚያ ማኅበር ከ2017 ወዲህ ሁለተኛው ነበር። ፍርድ ቤት ያስተማረውን ትምህርት ቀጣዩ የፖሊስ ጣቢያ አልሰማውም።

አሜሪካ ውስጥ በ2016 የሲያትል ፖሊስ በማለዳ የአንድ ባልና ሚስት ቤት ገባ። መውጫ ሪሌይ ነበራቸው። ኮምፒዩተሮቻቸውን ቦታው ላይ አይቶ፣ ምንም ሳይወስድ፣ ሳይከስ ሄደ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኒው ሃምፕሻየር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሪሌይ ተክሎ፣ ከፌደራል መሥሪያ ቤት ለአካባቢው ፖሊስ በተላከ መልዕክት ሳቢያ ለጊዜው ዘግቶት ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ስብሰባ ጠርቶ ነዋሪው ሐሳቡን ከሰጠ በኋላ መልሶ ከፈተው። ከሁሉም ጉዳዮች ውስጥ ጤነኛው ይሄ ይመስለኛል። ጥያቄው በስብሰባ እንጂ በፍተሻ አልተፈታም።

በአውሮፓ ኅብረት ከ2000 ጀምሮ ያለው መመሪያ፣ በ2022ቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም የተደገመው መርህ፣ ተራ አስተላላፊ ተጠያቂ አይደለም ይላል። መስፈርቱ ሦስት ነው፦ ግንኙነቱን እሱ አልጀመረም፣ ተቀባዩን እሱ አልመረጠም፣ ይዘቱን አልመረጠም ወይም አልለወጠም። ሪሌይ ሦስቱንም ያሟላል። እንዲህ ግልጽ ሕግ ባለበት አገር እንኳን ፍተሻው አልቀረም።

የእኛ ሕግ የት ቆሟል?

ከዚህ በታች በምጠቅሳቸው አዋጆች ውስጥ ቶርን ወይም ቪፒኤንን በስም የሚከለክል አንቀጽ የለም። ስለዚህ "የጫነ ይታሰራል" የሚለው እንደ ሕግ ትክክል አይደለም። መስመሩን ለሌላ ለሚያካፍል ሰው ግን ነገሩ ጭጋግ አለው።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 "አገልግሎት ሰጪ" የሚለውን ሰፋ አድርጎ ይተረጉመዋል። በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት የመረጃ ማቀነባበር ወይም የኮሙኒኬሽን አገልግሎት ወይም አማራጭ መሠረተ ልማት ለተጠቃሚ የሚያቀርብ ሰው ነው ይላል። ገንዘብ ይቀበል አይቀበል አይልም። ታዲያ በነጻ ሪሌይ የሚያንቀሳቅስ ሰው አገልግሎት ሰጪ ነው?

"ነው" ካልን አንቀጽ 16 ይመጣል። አገልግሎት ሰጪ በሦስተኛ ወገን ለተሰራጨ ሕገ ወጥ ይዘት በወንጀል የሚጠየቀው በስርጭቱ ወይም በአርትዖቱ በቀጥታ ሲሳተፍ፣ ይዘቱ ሕገ ወጥ መሆኑን አውቆ እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ወይም አግባብ ያለው አካል አስታውቆት ዝም ሲል ነው። ላይ ላዩን ጥሩ መከላከያ ይመስላል። ችግሩ አንቀጹ የተጻፈው ይዘት የሚያስቀምጥ ድርጅትን አስቦ መሆኑ ነው። "አስወግድ" ቢባል ሪሌይ ምን ያስወግዳል? ያለፈው አልፏል፣ የቀረ ነገር የለም። "በቀጥታ መሳተፍ" የሚለው ሐረግም ማስተላለፍን ይጨምር አይጨምር ለዳኛው የተተወ ነው።

ከአንቀጽ 16 ጋር ደግሞ አንቀጽ 24 ይከተላል። ማንኛውም አገልግሎት ሰጪ በሥርዓቱ ያለፈውን የትራፊክ መረጃ፣ ማለትም ማን ከማን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለውን፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ግዴታ ይጥላል። የቶር ሪሌይ ይህን አይመዘግብም። ላለመመዝገብ ነው የተሠራው። እንግዲህ በየትም ቢዞሩ አይመችም። አገልግሎት ሰጪ ነኝ ያለ ሰው የአንቀጽ 24ን ግዴታ ጥሷል ሊባል ነው። አይደለሁም ያለ ሰው የአንቀጽ 16ን ከለላ ያጣል። "እሺ ልመዝግብ" ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀዋል፤ መውጫ ላይ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ግንኙነት መመልከት በዚሁ አዋጅ ሕገ ወጥ ጠለፋ ሊሆን ይችላል፣ የ2016ቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጥያቄም ይነሳበታል።

ሁለተኛው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ነው። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ተገኘ ከሚባለው ገቢ ሦስት እጥፍ መቀጮ ያስከትላል። አዋጁ ሲወጣ ዋነኛው ዒላማ የውጭ ጥሪን በጓሮ በር የሚያስገቡ ሰዎች ነበሩ። ሪሌይን በዚህ አንቀጽ መክሰስ የተለጠጠ ንባብ ይመስለኛል። መቀጮው ራሱ በገቢ የሚሰላ መሆኑ ሕጉ ነጋዴን እንጂ በጎ ፈቃደኛን እንዳላሰበ ያሳያል። ሆኖም ያንን የተለጠጠ ንባብ የሚከለክል ቃል አዋጁ ውስጥ የለም። መስመሩን እያካፈለ ዶላር የሚሰበስበው ሰው ደግሞ ለዚህ አንቀጽ ከበጎ ፈቃደኛው በጣም ይቀርባል።

ሦስተኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ተባባሪ የሚባለው እያወቀ የረዳ ሰው ነው። ሪሌይ ያለው ሰው የተወሰነውን ወንጀል አያውቅም፤ ይህ ዋናው መከላከያው ነው። ግን ሕጉ ሐሳብን ሲተረጉም ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ "የመጣው ይምጣ" ብሎ የሠራን ሰውም ይጨምራል። የግራዙ ወጣት ቻት እዚህ ላይ ትዝ ይበልዎ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የማስረጃ ጉዳይ ነው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ መሠረት አቃቤ ሕግ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮችን ካስረዳ በኋላ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ነው ብሎ ካመነ የማስረዳት ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞር ይችላል። በሪሌይ ጉዳይ "መሠረታዊ ፍሬ ነገር" ምን ሊሆን ነው? መስመሩ የእርስዎ መሆኑ። ያ ደግሞ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ "እኔ አይደለሁም" የሚለውን የማሳየቱ ሥራ የእርስዎ ሊሆን ነው።

ያለፈ ልምድም አለ። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን 9 ጦማሪያን የክስ ወረቀት ላይ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰድና የምስጠራ መሣሪያ መጠቀም እንደ ሽብር ዝግጅት ተጠቅሶ ነበር። ገሚሶቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ያ የፀረ ሽብር ሕግ አሁን ተሽሮ በሌላ ተተክቷል። መሣሪያው በራሱ ጥርጣሬ የሚፈጥርበት አስተሳሰብ ግን በአዋጅ አይሻርም።

ሁለቱም ወገን የሚለው አለው

የፖሊስን ክርክር ማቃለል ልክ አይደለም። በፎቶዋ የሚዛትባት አንዲት ተማሪ ወይም በሐሰተኛ የባንክ መልዕክት ገንዘቡን የተበላ ነጋዴ የሚፈልገው ጥፋተኛው እንዲገኝ ነው። ክሩ ቶር ጋ ሲደርስ ይበጠሳል። ለመርማሪ ይህ ተስፋ አስቆራጭ ነው፤ በእጁ ያለው ብቸኛ ስም ደግሞ የሪሌዩ ባለቤት ነው።

የሌላው ወገን ክርክር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ይጀምራል። በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል፤ ገደብ የሚደረገው በሕግና በአስገዳጅ ምክንያት ነው። ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ፣ ከጥቃት የሸሸች ሴት፣ ራሳቸው መርማሪዎችም ቶርን ይጠቀማሉ። ደግሞም ወንጀለኛ በቶር ስለተደበቀ አይያዝም ማለት አይደለም። ሲልክ ሮድ የተባለው የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ መሥራች በ2013 የተያዘው ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ላፕቶፑ ክፍት እንዳለ ነው። መርማሪዎቹን ወደ እሱ ከመሩት ፍንጮች አንዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትቶት የሄደው የኢሜይል አድራሻ ነበር። ሪሌይ በመውረስ የተገኘ አልነበረም።

ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው፦ የመውጫ ሪሌይን ባለቤት ማሰር ጥፋተኛውን አያስገኝም፤ ዲስኩ ላይ የሚፈለገው ነገር የለምና። ለምርመራው ይጠቅማል የሚባል ከሆነ እንደ ምስክር ጠርቶ መጠየቅ ይበቃል።

ታዲያ ሰሜን ሸዋ ላይ አደጋው ማን ጋ ነው?

እውነቱን ለመናገር መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ ሪሌይ የሚተክል ሰው ብዙ አይጠበቅም። ቶር ፕሮጀክት ለሪሌይ የሚመክረው በሁለቱም አቅጣጫ 16 ሜጋቢት በሰከንድ ያህል ፍጥነት፣ በወር ቢያንስ 100 ጊጋባይት ወደ ውጭ የሚወጣ ዳታና ከውጭ የሚደረስበት አይፒ አድራሻ ነው። በሞባይል ዳታ ይህ አይታሰብም። መብራቱም እንደልብ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ የቤት ፋይበር ያለው የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ቢሞክር ይችል ይሆናል። ለእሱ መልሴ ግልጽ ነው፦ መውጫ ሪሌይ በኢትዮጵያ ከቤት መስመር አይክፈት። ሕጉ እስኪጠራ ድረስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

ውጭ ያሉ የመንዝ፣ የይፋትና የቡልጋ ልጆች ጉዳይ ሌላ ነው። አገር ቤት ያለውን ሰው መርዳት ከፈለጉ ስኖውፍሌክ ወይም ድልድይ ይበቃል። አድራሻቸው መጨረሻው ድረ ገጽ ላይ ስለማይታይ ፖሊስ የሚመጣበት መንገድ ጠባብ ነው። እዚህ አገር ኦርቦት የጫነ ሰው ደግሞ ስልኩን ለሌሎች ማለፊያ የሚያደርገው የ"ደግነት" ቅንብር በርቶ እንደሆነ ይይ። አደጋው ትንሽ ነው፣ ጥቅሉን ግን ይበላል።

ትልቁ አደጋ ያለው ሰው የማይጠረጥረው ቦታ ነው፤ ነጻ ቪፒኤንና "ኢንተርኔትህን ሽጥ" የሚሉ መተግበሪያዎች ላይ። በ2015 ሆላ የተባለው ታዋቂ ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች መውጫ አድርጎ በእህት ኩባንያው በኩል እንደሚሸጥ ታወቀ። በግንቦት 2024 የአሜሪካ መንግሥት 911 ኤስ5 የተባለ መረብ ማፍረሱን አስታወቀ። ማስክ ቪፒኤን፣ ዲው ቪፒኤን፣ ፓላዲን ቪፒኤን፣ ፕሮክሲ ጌት፣ ሺልድ ቪፒኤንና ሻይን ቪፒኤን በተባሉ ፕሮግራሞች በኩል ከ190 በላይ አገሮች ውስጥ ከ19 ሚሊዮን የሚበልጡ አይፒ አድራሻዎች ለወንጀለኞች ተከራይተው ነበር። የኮምፒዩተሮቹ ባለቤቶች ነጻ ቪፒኤን የጫኑ ነው የመሰላቸው።

ከሕግ አንጻር ይህ ሰው ከቶር በጎ ፈቃደኛ የባሰ ቦታ ላይ ነው። የቶር መውጫ ባለቤት የሚሠራውን ያውቃል፣ ይፋዊ ዝርዝር ላይ አለ። ነጻ ቪፒኤን የጫነው የይፋት ገበሬ ልጅ ግን ሳያውቅ መውጫ ሆኗል፤ የትም ዝርዝር ላይ የለም። በሌሊት ሳይነካው ዳታ የሚያልቅበት ስልክ፣ ወይም ሳይሠራበት የሚግል፣ ሊጠረጠር ይገባዋል። ዋይፋይ ለደንበኛ የሚሰጥ ካፌ ደግሞ ከኦፕሬተሩ ጋር የፈረመው ውል መስመርን ለሌላ ስለማካፈል ምን እንደሚል ቢያነብ ጥሩ ነው።

ፖሊስ ከመጣ

በመደበኛው ጊዜ ለቤት ፍተሻ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ፍተሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሆን ይጠይቃል። የተያዙ ዕቃዎች ዝርዝር ተጽፎ፣ በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው ይፈርምበታል። ዝርዝሩ ላይ የኮምፒዩተሩና የስልኩ መለያ ቁጥር እንዲጻፍ መጠየቅ ነውር የለውም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ይህ ሁሉ ይላላል፤ የ2015ቱ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝንና መፈተሽን ይፈቅድ ነበር።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ዝም የማለት መብትም አለው። ሁለቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሰፈሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉም የሚያውቀው የ14 ቀን የጊዜ ቀጠሮ ነው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ የቀጠሮው ድምር ከአራት ወር መብለጥ የለበትም። የኮምፒዩተር ወንጀል የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ስለሆነ ጉዳዩ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል፤ ለቤተሰብ ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው የሕግ ትምህርት ቤት ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ነጻ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል።

ሪሌይ ላለው ሰው ኤክሶነራቶር የተባለ የቶር ፕሮጀክት ገጽ አለ። ቀንና አይፒ አድራሻ ሲያስገቡ ያ አድራሻ በዚያ ቀን የቶር ሪሌይ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይናገራል። ይህ ታትሞ ለመርማሪው፣ ለአቃቤ ሕጉና ለዳኛው ሊቀርብ ይችላል። ቀኑ ሲገባ የሰዓት ልዩነቱ ይታሰብ፤ ለረቡዕ አጥቢያ የሆነው ነገር ገጹ ላይ ማክሰኞ ነውና።

ነጻ ቪፒኤን ጭኖ ለተያዘ ሰው ግን እንዲህ ያለ ገጽ የለም። እሱ ያለው ማስረጃ ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። መተግበሪያው መቼ እንደተጫነ፣ ስንት ዳታ እንደላከ፣ ምን ፈቃድ እንደተሰጠው እዚያ ላይ ተጽፏል። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን ፎርማት ማድረግ ነው። ያ ሲሆን መስመሩን ሌላ ሰው እንደተጠቀመበት የሚያሳየው ብቸኛ ነገር አብሮ ይጠፋል፤ ማስረጃ አጠፋህ የሚል ተጨማሪ ጥያቄም ይከተላል።